ስለ ደዋዩ የተጻፈ የለም

ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ አለ፤ የመንገድ ደንብ የማስተምረው እዚያ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ የሚያስነዱት ወንዶቹ ናቸው። እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ከሰሌዳው፣ ከምልክቶቹ ሥዕልና ከጠመኔው ጋር። የተወለድኩት ጎጃም ነው። በትዳር ወደ ኮልፌ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ግን ሰው "አገርሽ የት ነው?" ሲለኝ ዛሬም የምናገረው የእናቴን መንደር ነው።

ከማስተምረው ሁሉ የስልኩን ክፍል እወደው ነበር። ተማሪዎቼ የሚነቁት እዚያ ላይ ነው። ስለ ቅድሚያ መስጠትና ስለ ጎማ ንፋስ ሳወራ ሲያዛጋ የቆየው ሁሉ፣ "እያሽከረከሩ ስልክ ማነጋገር" ብዬ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ቀና ይላል። ሁሉም የሚለው አለው። ከዓረብ አገር የተመለሱት ሴቶች ደግሞ ይብሳሉ።

"ቲቸር፣ ዱባይ እኮ ካሜራው ከላይ ሆኖ ጭንሽ ላይ ያለውን ስልክ ያነሳዋል" አለች አንዷ። "የማዳሜን ፎቶ ከነቅጣቱ ላኩላት። ጥፍሯ ሳይቀር ይታያል። የተናደደችው በቅጣቱ መሰለሽ? ወፍሬ ነው የወጣሁት ብላ ነው!"

"የእኛ አገር ካሜራ ትራፊኩ ነው" አለ ከኋላ የተቀመጠ የባጃጅ ነጂ፣ "እሱም ስልክ ላይ ነው።"

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እንዲህ የሚነግሩኝንና ከሬዲዮ የምሰማውን በአንድ ደብተር እጽፍ ነበር። እንግሊዝ አገር ቀይ መብራት ላይ ቆመውም ቢሆን ስልክ በእጅ መያዝ አይቻልም። ጃፓን ውስጥ ሳይክል ላይ እንኳ ክልክል ነው። ስዊድኖች ብዙ ጊዜ ሳይከለክሉ ቆይተው በኋላ ከለከሉ። በእኛም ደንብ ስልክ በእጅ ይዞ ማሽከርከር ያስቀጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተማሪዎቹን አብረውኝ ጮክ ብለው እንዲሉ አደርጋቸው ነበር፦ ስልኩ ይጮኻል፤ ዳር ይዤ እቆማለሁ፤ የእጅ ፍሬን እይዛለሁ፤ ከዚያ ሃሎ እላለሁ። እንደ ጸሎት በቃላቸው ያዙት።

ባለቤቴ የዳቦ መኪና ሾፌር ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ ከመጋገሪያ ቤቱ ጭኖ ይወጣል፤ ቤቴልን፣ አየር ጤናን፣ ዘነበወርቅን አዳርሶ ረፋድ ላይ ይመለሳል። እስኪመለስ አልደውልለትም። የሚጠፋ ቁልፍም ቢኖር፣ የሚታመም ሰውም ቢኖር እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። ይህን ልማድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የምጥሰውም በወር አንድ ቀን ብቻ ነበር፣ በእናቴ ምክንያት።

እናቴ መንደር ኔትወርክ የለም። የሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ ነው። ስለዚህ የምታገኘን በወር አንዴ፣ ለማርያም በሃያ አንድ፣ ከቅዳሴ ስትወጣ ነው። የምትደውለውም ለወሬ አይደለም፤ ልትመርቀን ነው። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባሌን። "ለእሱ እኔ አደርስለታለሁ" ብላት እሺ አትልም። "ራሱ አሜን ካላለ ምኑን መረቅሁት?" ትላለች። ስልኳ ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ዲያቆን የእኔን ቁጥር አንዷ ቁልፍ ላይ አስገብቶላታል፤ እሷን ተጭና ትጠብቃለች። ሌላ ቁጥር ማውጣት አትችልም፣ አይኗም ደክሟል።

እኔ ሁለት ስልክ አለኝ፤ አንዱ የሥራ ነው። በሃያ አንድ በአንዱ እናቴን እይዝና በሌላው ባሌ ጋ እደውላለሁ። ከዚያ የሁለቱንም ድምፅ ወደ ውጭ አወጣና አንዱን ገልብጬ፣ የዚህን አፍ ከዚያኛው ጆሮ አገጥማቸዋለሁ። ጎጃም ያለችው ትመርቃለች፤ ኮልፌ ያለው "አሜን" ይላል። እኔ መካከል ላይ ሆኜ፣ በሁለት እጄ እንደ መጽሐፍ ይዣቸው ዝም እላለሁ። ባሌ ሁልጊዜ ዳር ይዞ ይቆማል። የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ እሰማለሁ። ከዚያ ነው የማገጥማቸው።

በዚያን ቀን የእጅ ፍሬኑን አልሰማሁም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ለትምህርት ገና ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እናቴ ደወለች። በሁለተኛው ስልክ ባሌ ጋ ደወልኩ። አነሳ።

"እናቴ ናት" አልኩት።

"እሺ፣ እሺ፣ አገናኚን። ከኋላዬ ታክሲ አለ፣ ማቆሚያ የለኝም፤ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ።"

ሞተሩ ይሰማኛል። መኪናው እየሄደ ነው። በሦስተኛ ማርሽ እየሄደ እንደሆነ ሳይቀር አውቄያለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን እናቴ "በስመ አብ" ብላ ጀምራ ነበር። የተጀመረ ምርቃት አይቋረጥም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ሁለቱን ስልክ አገጠምኳቸው።

"ከክፉ ነገር ይሰውርህ፣ ልጄ።"

"አሜን።"

"መግቢያ መውጫህን ይጠብቅልህ።"

"አሜን።"

"እጅህን ይባርክልህ።"

ሦስተኛው አሜን አልመጣም። የመጣው የፍሬን ድምፅ ነው፤ ከዚያ አንድ ነገር ቆርቆሮ ላይ እንደወደቀ ያለ፣ ከዚያ የሰው ጩኸት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እናቴ ጠበቀች። "አሜን በል እንጂ፣ ልጄ። ተቋረጠ እንዴ?"

"አሜን" አልኳት እኔ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። እሷም የባሌ ድምፅ አለመሆኑን ሳትለይ ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው መረቀች፤ እኔም እስከ መጨረሻው በእሱ ፈንታ አሜን አልኩላት። ጨርሳ ስትዘጋ ሁለቱንም ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ተማሪዎች መግባት ጀመሩ። ሰሌዳውን ጠረግሁ። የዕለቱ ትምህርት የዝግታ ምልክቶች ነበር፤ ሙሉውን አስተማርኩ።

ባሌ ከቀትር በኋላ ደወለ። "ሰው ገጨሁ። በሕይወት አለ። ጣቢያ ነኝ" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስለ ስልኩ ማንም አልጠየቀኝም" አለ።

የተገጩት ሰውዬ የአንድ ክሊኒክ ዘበኛ ናቸው፣ ስልሳ የሚጠጋቸው። የሌሊት ተራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ነው፣ በእግረኛ ማቋረጫ ላይ። የማቋረጫው ቀለም ለቅቋል። ባሌ ለትራፊኩ፣ "ድንገት ነው የገቡብኝ" ብሎ ነበር። ዳር ሆና ሻይ የምትሸጥ ሴትም፣ "ሰውዬው ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት እያንቀላፉ ነው የሚሄዱት" ብላለች። ስልኩ ከፔዳሎቹ ስር ተገኝቷል፤ ሲመታ ከኪሱ የወደቀ መስሏቸዋል። ሁሉም ነገር በሰውዬው ላይ ተደራርቦ ነበር፣ እኛ ብዙም ሳንደክም።

ማታ ባሌ በዋስ ተለቅቆ መጥቶ ሸሚዙን ባኞ ውስጥ ነክሮ ያሻል። የሸሚዙን እጅጌ ደም ነክቶታል። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት።

"እንዴት አላየሃቸውም?" አልኩት።

"ጎንበስ ብዬ ነበር።"

"ምን ልታነሳ?"

"ምንም።" ማሸቱን አቆመ። "እማማ ሲመርቁኝ ቀና ብዬ ልቀበል እንዴ? ስልኩ ጭኔ ላይ ነው፤ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ሳላስበው ነው። ቀና ስል ሰውዬው መስታወቱ ላይ ናቸው።"

እኔም ብሆን ጎንበስ እላለሁ። የማንም ምርቃት ይሁን፣ በስልክም ይሁን፣ አንገቴ ራሱ ይታዘዛል። ይህን የጻፈ አገር በደብተሬ ውስጥ የለም። የእንግሊዙም የጃፓኑም ደንብ ስለ እጅ ነው የሚናገረው።

ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ራት ሠራሁ፤ በላን። ምንም አልተሰማኝም። ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድን፤ ብርቱካንና ዳቦ ይዘን። እግራቸው ከጭን በታች ተሰብሯል፤ ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰንጥቋል። ገና ስንገባ ሊነሱ ሞከሩ። ባሌ "ኧረ አይነሱ አባባ!" ብሎ ትከሻቸውን ያዘ።

"ልጄ፣ ይቅር በለኝ" አሉት።

ባሌ ትከሻቸውን ለቀቀ።

"በእኔ እንቅልፍ አንተን ጣቢያ አስጎተትኩህ። የሰው ልጅ አስቸገርኩ። ይቅር በለኝ።"

ሚስታቸው እግራቸው ሥር ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። "ይሄ ሰውዬ እኮ ቆሞ ነው የሚተኛው" አሉ ወደ እኔ ዞረው። "ባለፈው ታክሲ ውስጥ ተኝቶ ጦር ኃይሎች ደርሶ ነው የተመለሰው። ስንቴ ነገርኩት! ሰው መንገድ ላይ ይተኛል? ከብት እንኳ መኪና ሲመጣ ይነቃል።"

"ተይ እንግዲህ፣ በእንግዳ ፊት" አሉ ሰውዬው። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ "እኔ ግን የነቃሁ መስሎኝ ነበር። ግራ ቀኝ አይቼ የወጣሁ መስሎኝ ነበር" አሉ።

"መሰለህ! ሕልም ነዋ!" አሉ ሚስታቸው።

"ሕልም ይሆናል" አሉ ሰውዬው። "ካሁን በኋላ የሌሊት ሥራ እንዴት ያምኑኛል? ዘበኛ እያንቀላፋ ተብሎ።"

ብርቱካኑን ልጬ ሰጠኋቸው። ስንወጣ ባሌ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ያዘ። "ራሱ ሰውዬው ካመነ፣ እኔ ምን ልጨምርበት?" አለ። ወደ ደረጃው ቀደምኩት።

ነገሩ በዕርቅ እንዲያልቅ ሽማግሌዎች ገቡ። ከእኛ ሰፈር ሁለት፣ ከእሳቸው ሰፈር ሁለት፣ ሁሉም ደግ ሰዎች። እግራቸው ሲጠግንና ጣቢያ መምጣት ሲችሉ፣ ጥፋቱ የራሴ ነው ብለው ይፈርማሉ፤ ባሌም ቂም የለኝም ይላል፤ ይለያያሉ። ሽማግሌዎቹ በዚህ ደስ አላቸው። ቤታችን ድረስ መጡና፣ "እንዲህ ያለ ቅን ሰው መግጨትም ዕድል ነው" አለ አንደኛው፣ ሌሎቹም ሳቁ። ውሃ አቀረብኩላቸው።

በዚያው ሰሞን የስልኩ ትምህርት ተራው ደረሰ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ያው ወሬያቸው ተነሳ፣ ያው ሳቃቸው። ከዘነበወርቅ የምትመጣ አንዲት ነርስ ነበረች፣ ብዙ የማትናገር። እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ የደወለውስ?"

"የቱ የደወለው?"

"አሽከርካሪው ይቀጣል አልሽን። እየነዳ መሆኑን እያወቀ የደወለበት ሰውስ? እሱን ምን ይለዋል ሕጉ?"

"እንዴ፣ ሚስቴን ልታሳስሪብኝ ነው?" አለ የባጃጁ ሰውዬ። "እሷማ ዕድሜ ልክ ነው የሚፈረድባት!"

ደብተሬን ከፈትኩ። ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩ። ሁሉም የተጻፈው ስለያዘው እጅ፣ ስላነሳው ሰው ነው። ስለ ደዋዩ የጻፍኩት አንድ መስመር የለም።

"አላውቅም" አልኳት። "እኔ የጻፍኩት ውስጥ የለም።"

"ይገርማል" አለች፤ ተቀመጠች።

በዚያ ሳምንት የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ከማኅሌት ወጥተው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሁለቱ ስልክ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ሰውዬው። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

"አባ፣ እኔ በዓይኔ ያየሁት የለም። የሰማሁት ድምፅ ነው" አልኳቸው።

"ማን ጠየቀሽ ይህን?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

"ታዲያ እኔን ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?"

"ቀኖና ይስጡኝ። ስግደትም ቢሆን፣ ጾምም ቢሆን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስግደትማ ይቀልሻል። ብሰጥሽ ሰግደሽ ታርፊያለሽ፤ ያ ሰውዬ ግን ያላጠፋውን ተሸክሞ ይኖራል። መጀመሪያ ከእሱ ላይ አውርጂ። ከዚያ ነይ።"

"ባሌስ? መንጃ ፈቃዱን ቢወስዱበት? ቢታሰርስ?"

"እሱን ቀላል ነው አላልኩሽም" አሉ። መስቀል ተሳለምኩና ተነሣሁ።

ለባሌ የነገርኩት በነጋታው ነው፣ ቁርስ ላይ። መኪናው ተይዞበት ስለነበር ቤት ነው የሚውለው።

"ሰውዬው ሊፈርሙ የሚመጡ ቀን እኔም እመጣለሁ" አልኩት።

"ለምን?"

"ስልኩ ላይ እንደነበርኩ እናገራለሁ።"

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። "መንጃ ፈቃዴን ይወስዱታል።"

"አውቃለሁ።"

"ክስም አለው።"

"አውቃለሁ። አስተምረዋለሁ እኮ።"

"አዎ፣ ታስተምሪዋለሽ" አለ። ሲመረው እንዲህ ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። "እናትሽስ? የእማማ ምርቃት ነው ሰው የገጨው ልትዪ ነው?"

"የእናቴን ስም አላነሳም። እኔ ደወልኩ ነው የምለው። እየነዳ መሆኑን እየሰማሁ አገናኘሁ ነው የምለው።"

"እኔ አይደለም ብልስ? አልደወለችም ብልስ?"

"ትላለህ እንግዲህ" አልኩት። "እኔ የራሴን ነው የምናገረው።"

ከዚያ እስከ ቀኑ ድረስ በዚህ ጉዳይ አልተነጋገርንም። ጨው አቀብዪኝ፣ መብራት መጣ፣ ውሃው ሄደ፣ ይህን እንባባላለን። እኔ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አስተምራለሁ። ሲመሽ እጸልያለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ይወጣል፣ ውስጤ ግን እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ እንዳለ አውቃለሁ እንጂ አይሰማኝም።

ቀኑ ደረሰና በታክሲ ሄድን። ጣቢያው ቢሮ ውስጥ አንዲት መርማሪ ፖሊስ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች። ሰውዬው ከሚስታቸው ጋር ቀድመውን መጥተዋል፤ ክራንቻቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሁለት ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ናቸው። ባሌን ሲያዩ ሰውዬው ፈገግ አሉ፣ "መጣህ ልጄ?" አሉት። መርማሪዋ ወረቀቱን አንብባላቸው ብዕር ልታቀብላቸው ነበር።

"የምናገረው አለኝ" አልኩ።

ቀና አለች። "እርስዎ ማን ነዎት፣ እህቴ?"

"ሚስቱ ነኝ።"

"ቦታው ላይ ነበሩ?"

"አልነበርኩም። ስልኩ ላይ ነበርኩ።"

ብዕሩን አስቀመጠች። እኔም ተናገርኩ። አጭር ነው፤ ክፍል ውስጥ ከማስተምረው ያነሰ። ደወልኩለት፤ አነሳ፤ መኪናው ሲሄድ ይሰማኛል፤ አላቆመም፤ እኔም ቁም አላልኩትም፤ እያወራን ሳለ ገጨ። አንደኛው ሽማግሌ "ኧረ ልጄ!" አለ። መርማሪዋ እጇን ከፍ አድርጋ ዝም አሰኘችው፤ ወደ ባሌ ዞረች።

"እውነት ነው?"

ባሌ ወለሉን አየ። አይደለም ማለት ይችል ነበር፤ የእኔ ቃልና የእሱ ቃል ብቻ ነው የነበረው። ወደ እኔ አላየም። ወደ ሰውዬው ዞረ።

"እውነት ነው አባባ" አለ። "ጎንበስ ብዬ ነበር። መንገዱን አላየሁም።"

ሰውዬው ወዲያው የገባቸው አይመስለኝም። "ማ ነው ጎንበስ ያለ?"

"እኔ።"

"እኔስ?"

"እርስዎ ማቋረጫው ላይ ነበሩ። ቀና ስል መካከሉ ላይ ደርሰዋል። እጅዎን አንስተው ነበር፣ ቁም እያሉኝ።"

"እጄን አነሳሁ?"

"አዎ፣ አነሱ።"

መርማሪዋ አዲስ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀምራለች፤ የባሌን መንጃ ፈቃድም ጠየቀች። እሱ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ሽማግሌዎቹ ወደ ውጭ ወጡ። ይቆጡናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሰውዬውም ይረግሙናል ብዬ። እሳቸው ግን እኛን ከነመኖራችንም የረሱን መሰሉ። ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው መዳፋቸውን አዩት።

"ሰማሽ?" አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው። "ነቅቼ ነበር።"

ሚስታቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

"ሰማሁ" አሉ።